ጭስ የሌለው ጎጆ

ጸዳለ ዳገቱን በሩጫ ጀመረችው፤ ሩጫዋ እንዳይታወቅባት ግን በየመታጠፊያው ቆም እያለች ከእግሯ እሾህ የምትነቅል ትመስል ነበር። በጀርባዋ ያለው ቅርጫት ከላይ ነጭ ሽንኩርት ይታይበታል። ከሽንኩርቱ ሥር የጌሾ ቅጠል፣ ከጌሾው ሥር ደግሞ አፉ በሰም የተደፈነ ቅል አለ። ቅሉ ውስጥ ያለው ባሩድ ነው።

ትናንት ከአንበሳሜ ገበያ ከወጣች ጀምሮ ያሰበችው ክፉ ነገር ሁሉ ገና አልደረሰም። አለመድረሱ ግን አላጽናናትም፤ ከፊቷ ይጠብቃታል ማለት ነው። ያደረችው አክስቷ ቤት ነበር። ቅርጫቱን "ሽንኩርቱ ይሸታል" ብላ ከበጎቹ ጋጥ አኑራው፣ እስኪነጋ አንድም ጊዜ ዓይኗን አልከደነችም።

ሻጩ ሙላቴ የሚባል ሽማግሌ ነበር። ገበያው ዳር ለበግ እከክ የሚሆን ድኝ ዘርግቶ ይቀመጣል። ከድኝ ሌላ ምን እንደሚሸጥ የሚያውቁት የሚፈልጉት ብቻ ናቸው። ጸዳለ ሦስት ጊዜ አልፋው ሄዳ በአራተኛው ቆመች።

"ድኝ ብቻ ነው ያለዎት?"

ሙላቴ ቀና ብሎ አያት። "ለማን ነው?"

"ለባሌ።"

"እሱ ለምን አልመጣም?"

"ነፍጠኛ ባሩድ ሲገዛ ከታየ፣ የተሰጠውን የት አደረሰው ይባላል።"

ሙላቴ ሳቀ። "ይኼን የምታውቅ ሴት ታዲያ ምን ያስፈራታል?"

"ሁሉም" አለች ጸዳለ።

ከካቡ ጀርባ ወስዶ የብር ድሪዋን ተቀበላትና ቅሉን ሰጣት። "እርጥብ ነው" አላት። "እርጥብ ሳለ ጭቃ ነው፤ ብትወድቂበትም ምንም አይልሽ። የሚፈራው ሲደርቅ ነው። ቁርበት ላይ አስጥተሽ ነፋስ ያድርቀው። በብረት አትንኪው፤ የእንጨት ማንኪያ ይሁን። እሳት ካለበት ጣራ ሥር ለአፍታም እንዳታውዪው።"

"ውሃ የገባበትንስ የድሮውን ባሩድ ማድረቅ አይቻልም?"

"ባሩዱን የሚያነደውን ጨው ውሃ ከወሰደው በኋላ የሚቀረው ጥቀርሻ ነው። ጣይው።"

"ይኼን ሁሉ ማን አስተማረዎ?"

ሙላቴ ቀኝ እጁን ከጋቢው አወጣ። ሁለት ጣት ብቻ ነበረው። "የጎደሉት" አላት።

ይኼንን እያሰበች ከወንዙ ማዶ ካለው ኬላ ደረሰች። ጠባቂው ነፍጡን አቅፎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። የነፍጡ መለኮሻ ፈትል ጫፉ ቀልቶ ቀጭን ጭስ ይተፋል።

"ምን ይዘሻል?"

"ሽንኩርት ነው ጌታዬ። ትንሽ ጌሾም አለው።"

"አውርጂው እስቲ።"

አወረደችው። ጠባቂው ጎንበስ ሲል የሚጨሰው ፈትል ከትከሻው ተንሸራቶ ከቅርጫቱ በላይ ተንጠለጠለ። እርጥብ ሳለ ጭቃ ነው ብሏታል ሙላቴ። ሙላቴ ግን እዚህ የለም፤ እዚህ ያለው ፈትሉ ነው። ጠባቂው ሦስት ራስ ሽንኩርት መርጦ፣ ጌሾውን በጣቱ ገለጥ ገለጥ አደረገ።

"ለመስቀል ጠላ ልትጠምቂ ነው? ጥሪኝ እንጂ!"

"ይምጡ።"

"እጅሽ ምን ሆኖ ይንቀጠቀጣል?"

"ከቆላ ንዳድ ይዞኝ መጥቼ ነው።"

ጠባቂው ሽንኩርቱን እንደያዘ ወደኋላ ተፈናጠረ። "ሂጂ፣ ሂጂ! እኔን ልታስይዢኝ ነው?"

የጸዳለ ቀዬ ከደብረ ታቦር በስተምዕራብ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። በቀዬው አራት ነፍጥ አለ፤ አንዱ የባሏ የገብረየሱስ ነው። ሰኔ መግቢያ ላይ የአገሩ ምስለኔ ለአራቱ ነፍጠኞች ከግምጃ ቤት አንዳንድ ቀንድ ባሩድ ሰጥቷቸው ነበር። ከባሩዱ ጋር አዋጅ ተነገረ። ባሩድ በሳር ቤት አይደር። ከቤት መቶ እርምጃ ርቆ ይቀበር። ነፍጠኛው ከነባሩዱ ከሚቆጠርበት ቀን ዋዜማ በፊት ጉድጓዱን ማንም እንዳይከፍት። በቆጠራ ቀን ቀንዱ ያልሞላ ሰው ባሩዱን ሸጧል፤ የሸጠም የገዛም እጁ ይቆረጣል።

ጭቃ ሹሙ አያ እሸቴ ከአራቱ ነፍጠኞች አንዱ ናቸው። የመቅበሪያውን ቦታ ራሳቸው መርጠው፣ አራቱን ጉድጓዶች ከላይ እስከ ታች በአንድ ተዳፋት ላይ አስቆፈሩ። የገብረየሱስ የመጨረሻው፣ የታችኛው ነበር። የክረምቱ ዝናብ ሲበረታ ልቡ አላስችል ብሎት ተደብቆ ከፈተው። ቀንዱን ቢዘቀዝቀው ጥቁር ውሃ ወረደ።

ቆጠራው ቅዳሜ ደብረ ታቦር ሜዳ ላይ ነው። ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት አያ እሸቴ ባሉበት አራቱም ጉድጓዶች ይከፈታሉ። ከዚያ በፊት ደረቅ ባሩድ በቀንዱ ተሞልቶ ወደ ጉድጓዱ መመለስ አለበት። ጸዳለ ቤቷ የገባችው ሐሙስ ከቀትር በኋላ ነው።

ገብረየሱስ ቅሉን አይቶ ግንባሩን በመዳፉ ጠረገ። የአራት ዓመት ልጃቸው ማሬ እናቷ እግር ላይ ተጠመጠመች።

"እሳቱን አጥፉልኝ" አለች ጸዳለ ገና ሳትቀመጥ።

"በዚህ ብርድ? ለልጅቷስ?"

"አጥፉልኝ አልኩ።"

ምድጃው ላይ ውሃ ደፉ። ከሰሉን ለቅመው ከጓሮ አወጡት፤ አመዱን ጠርገው አፈሩን እንደገና አራሱት። ጸዳለ በዚህም አልረካችም። ተንበርክካ ጉልቻዎቹን አንድ በአንድ በመዳፏ ዳሰሰቻቸው። አንዱ ገና ይሞቅ ነበር፤ እሱንም ነቅለው አወጡት። ከዚያ ቁርበቱን አንጥፋ ባሩዱን ስስ አድርጋ አሰጣችው።

ሐሙስ ማታ አገሩ በሙሉ ጉም ስለለበሰ ከየት ጎጆ ጭስ እንደወጣ፣ ከየት እንዳልወጣ የሚለይ አልነበረም። ዓርብ ደግሞ ጾም ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምድጃ ባይነድ ማንም አይገርመውም። ጸዳለ ይኼን ሁሉ አስቀድማ አስልታዋለች። ያላሰላችው ፀሐይን ነበር። ዓርብ ረፋድ ላይ ፀሐይ ብልጭ ብላ ተመልሳ ጠፋች። ባሩዱን ቆንጥራ በጣቶቿ ስታሸው ገና እርስ በርሱ ይጣበቃል።

ገብረየሱስ ወዲያና ወዲህ ተንቆራጠጠ። "ዝቅ ያለ ፍም ምድጃው ላይ ላድርግና ቁርበቱን ቆጡ ላይ እንስቀለው። ገብሱን የምናደርቀው እዚያው አይደል? ሙቀቱ ብቻ ነው የሚነካው።"

"አይሆንም።"

"እጄ ነው ሴትዮ! የሚቆረጠው የኔ እጅ ነው!"

"እጅዎ ብቻ ቢሆን እኮ ጥሩ ነበር" አለች። ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች። ገብረየሱስ መደብ ላይ የተኛችውን ማሬን አየ። ስለ ቆጡም ሁለተኛ አላነሳም።

ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ነፋስ ተነሣ፤ በበሩ ገብቶ ቁርበቱ ላይ ሽው ማለት ሲጀምር ባሩዱ ቀለሙ እየፈዘዘ፣ እየተበተነ መጣ። ወደ አሥር ሰዓት ግድም ጸዳለ ቆንጥራ ብታሸው እንደ ጥሩ ጤፍ በጣቶቿ መካከል ፈሰሰ። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ደስታው ግን አልመጣም፤ እስከ አሁን ጭቃ የነበረው አሁን ባሩድ ሆኗል።

ገብረየሱስ ሰው እንዳለ ሊቃኝ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። እሷ በእንጨት ማንኪያ እየጨለፈች ወደ ቀንዱ ታስገባ ጀመር። አቧራው እጇን እስከ ክርኗ አጠቆረው፤ ቀሚሷም ላይ ሰፈረ። ቀና ብላ በበሩ ስትመለከት ሰው እየመጣ ነው።

ፈንታነሽ ናት፤ የአያ እሸቴ ሚስት። ከአጥሩ ወዲህ አልፋለች። በሁለት እጇ ገል ይዛለች፤ በገሉ ላይ ፍም ተቆልሎ ይጨሳል። የጎረቤቷ ጎጆ ዘጠኝ ሰዓት አልፎም ጭስ እንዳላወጣ አይታ፣ እሳት ጠፍቶባቸው ሳይሆን አይቀርም ብላ፣ እሳት ይዛላት መምጣቷ ነበር። እሳት የያዘች ሴት ደግሞ ደጅ ላይ ቆማ አትጣራም፣ ሰላምታም አታበዛም። ፍሙ እንዳይሞትባት እፍ እያለች በቀጥታ ወደ ምድጃ ትገባለች፤ እግዜር ይስጥልኝ የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። ፈንታነሽም እፍ አለች። ብናኝ ፍንጣሪ ተነሥቶ ነፋሱ ወደ በሩ ነዳው።

ጸዳለ ብትጮህ ፈንታነሽ ፍሙን እንደያዘች ወደ ውስጥ ትሮጣለች። ልትሮጥባት ብትል ልብሷም እጇም ባሩድ ነው። በሩ ሥር የበሬዎቹ ውሃ በእንስራ ተቀምጦ ነበር። ብድግ አድርጋ ከወገቧ ወደ ኋላ ተለጠጠችና ውሃውን በሙሉ ከፈንታነሽ ላይ ደፋችው።

ፍሙ ችስስ ብሎ ሞተ። ገሉ ወድቆ ተሰበረ። ፈንታነሽ ከሻሽዋ እስከ እግሯ ውሃ እየተንጠባጠበባት፣ እጆቿ ገል እንደያዙ ቀርተው ቆመች።

"እቴ፣ ማሪኝ..." አለች ጸዳለ።

"ምን በደልኩሽ?"

"ማሪኝ፣ አልተነሣሁብሽም፣ እኔ..."

"እሳት ይዞ የመጣ ሰው እንዲህ ይደረጋል? እኔ ቡዳ ነኝ? እሳቴ ይበላሻል?" ፈንታነሽ ሻሽዋን አውልቃ ጨመቀችው። "በምጥሽ ጊዜ ሌሊቱን ያቀፍኩሽ እኔ ነኝ! ለባሌ ነው የምነግረው። እሱ ይፍረድልኝ!"

ሄደች። ጸዳለ ወደ ውስጥ ተመልሳ በማንኪያው የቀረውን መጨለፍ ቀጠለች። ሽሺ ቢሏት የት ትሸሻለች? ደብቂ ቢሏት ይኼን እጅ የት ትደብቀዋለች? ገብረየሱስ ሲመለስ የሆነውን በሁለት ቃል ነገረችው። ወዲያው አያ እሸቴ ገሳቸውን ደርበው፣ ዘንጋቸውን ይዘው ከበራፉ ደረሱ።

"ገብረየሱስ! ሚስትህ ሚስቴን እንደ ውሻ ውሃ..." አሉና አቆሙ። ዓይናቸው ከጸዳለ እጅ ወደ ቁርበቱ፣ ከቁርበቱ ወደ ቀንዱ ሄደ። ዘንጋቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። "ይኼ ከየት መጣ?"

ገብረየሱስ አፉን ከፈተ። ጸዳለ ቀደመችው።

"እኔ ነኝ የገዛሁት። እሱ አላከኝም።"

"ማን ነው የሸጠልሽ?"

"አላውቀውም።"

"የተሰጠውስ?"

"ውሃ ገባበት፣ አያ እሸቴ። ጉድጓዱ ውሃ ያዘ።"

"ዋዜማው ሳይደርስ ከፈታችሁት ማለት ነው።" አያ እሸቴ ጢማቸውን ያዙ። "አዋጁን ያነበብኩላችሁ እኔ ነኝ። እንዳላየ ብሆን የሚቆረጠው የኔ እጅ ነው። ምን አድርግ ትይኛለሽ?"

ጸዳለ የመጨረሻውን ክፉ ነገር ያሰበችው ያን ጊዜ ነው፤ ማሰቧም መናገሯም አንድ ላይ ሆነ።

"አያ እሸቴ፣ የእርስዎን አይተውታል?"

"የኔ ጉድጓድ ከሁሉም በላይ ነው። ውሃ ወደ ታች ነው የሚሄደው።"

"የሚመጣው ግን ከላይ ነው።"

አያ እሸቴ ቆመው አዩአት። ከዚያ ዘንጋቸውን ሳያነሡ ወጡ። ገብረየሱስና ጸዳለ ከደጃፉ ሆነው ተመለከቷቸው። ሽማግሌው ተዳፋቱ ላይ ተንበርክከው አፈሩን በእጃቸው ቧጠጡት። ቀንዱን አወጡ። ዘቀዘቁት። ለረጅም ጊዜ እንደዘቀዘቁት ቆዩ። ከዚያ ሁለተኛውን ጉድጓድ ከፈቱ፤ ከዚያም ሦስተኛውን።

ሲመለሱ እስከ ክርናቸው ጥቁር ጭቃ ነበሩ። ሳይጋበዙ መደቡ ላይ፣ ከተኛችው ልጅ እግር ሥር ተቀመጡ።

"አራቱም" አሉ።

የእጃቸውን ጭቃ በገሳቸው ጠረጉ።

"ነገ ሦስታችን ባዶ ቀንድ ይዘን ስንቆም፣ የገብረየሱስ እንዴት ደረቀ ብለው ይጠይቁኛል። ከአንድ ተዳፋት የወጣ ነው። እኔ ደግሞ ልጄ፣ እጄ ግንድ ላይ ተዘርግቶ የምዋሽ ሰው አይደለሁም። አላስፈራራሽም፤ ራሴን ስለማውቅ ነው።"

ገብረየሱስ ወደ ቀንዱ ተመለከተ። ባሩዱ የአንድ ቀንድ ነው፤ ከዚያ አይተርፍም። ለአራት ቢከፈል የአንዱም አይሞላ።

"ሲቆጥሩ ምን ያደርጋሉ?" አለች ጸዳለ።

"ቀንዱ መሙላቱን በዓይን ያያሉ። ከአፉ ቆንጠር አድርገው ድንጋይ ላይ ይለኩሱታል።"

"ከአፉ ብቻ?"

አያ እሸቴ ቀና አሉ። ጸዳለ ወደ ጓሮ ወጣች። ሐሙስ ለቅመው ያወጡት ከሰል ከዝናብ እንዳይመታ ከጣራው ጠርዝ ሥር ተከምሮ ነበር። አንድ እፍኝ ይዛ ገባችና በጣቶቿ አደቀቀችው። አያ እሸቴ ከባሩዱ ጎን አስጠግተው አዩት፤ ገብረየሱስም አየው። ጥቁር ከጥቁር አይለይም ነበር።

"ይኼ እብደት ነው" አለ ገብረየሱስ። "ከሰል ይዤ ልዘምት ነው?"

"ለመቆጠር እንጂ ለመዝመት አይደለም" አሉ አያ እሸቴ። "ዘመቻው ከመስቀል በኋላ ነው፤ ሁሌም እንዲሁ ነው። ቅዳሜ እንቆጠራለን፣ እሑድ ቤታችን ነን። ፀሐይ ስትወጣ ሁላችንም ያለንን ሸጠን ባሩድ እንገዛለን።"

ጸዳለ ሁሌም የሚለው ቃል አላማራትም። ግን ሌላ መንገድ አልነበራትም፤ ሐሳቡም የራሷ ነበር። አያ እሸቴ ሁለቱን ነፍጠኞች ጠርተው አመጡ፤ ሚስቶች እንዳይሰሙ አስማሏቸው። ከሰሉን በበሬዎቹ ጋጥ ውስጥ ወቀጡት። ከየቀንዱ ሥር ከሰል፣ ከላዩ ባሩድ፤ ጸዳለ አራቱንም በራሷ እጅ ሞላቻቸው።

ቅዳሜ ገና ሌሊት ሳለ አራቱ ሰዎች ነፍጣቸውን ተሸክመው ሄዱ። ጸዳለ ማሬን አዝላ ከኮረብታው ጫፍ መንገዱን ስትጠብቅ ዋለች። ቀትር ላይ ፈንታነሽ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ባሏ ስለ ውሃ የገባባቸው ጉድጓዶችና ስለተገዛው ባሩድ ነግሯታል፤ ስለ ከሰሉ ግን አልነገራትም።

"ትናንት ማሬን ይዘሽ እንደ ችቦ ልትነጂ ነበር ለካ" አለች ፈንታነሽ። "እኔ ደግሞ ቡዳ ያልሽኝ መስሎኝ። ሻሼ እስከ አሁን አልደረቀም፤ አንቺ ጨካኝ!" ትከሻዋን ገፋ አደረገቻት። "ያ ባሩድ ለአራት ሰው መብቃቱ ግን የታቦት ሥራ ነው።"

ጸዳለ የማሬን ማዘያ አጠበቀች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከደብረ ታቦር የሚመጣ አንድ አህያ ነጂ በመንገዱ ብቅ አለ። ፈንታነሽ ከሩቅ ጮኸችበት። "ወንድሜ! ቆጠራው እንዴት ሆነ?"

"የእናንተ ሰዎች እነማን ናቸው? አራቱ? አለፉ!" አህያ ነጂው ሳቀ። "ከየቀንዱ ቆንጥረው ለኮሱት፤ ቦግ! ምስለኔው እንዲህ ያለ ደረቅ ባሩድ አላየሁም አሉ። የሌላ አገር ሁለት ሰዎች ግን..." እጁን በእጁ መትቶ አሳየ።

ፈንታነሽ ተንበርክካ መሬቱን ሳመች። "ዛሬ ይገባሉ?"

"የት ይገባሉ እናቴ! ነጋሪት ተጎሰመ እኮ። ላስታ ሸፍቷል አሉ፤ ሠራዊቱ ከሜዳው ሳይበተን ተነሣ። እነዚያ አራቱ ባሩዳቸው ደረቅ ነው ተብለው ከፊት ተሰለፉ። መስቀልን በመንገድ ነው የሚውሉት።"

ፈንታነሽ እጆቿን ወደ ሰማይ ዘርግታ እልልታዋን አቀለጠችው። ባሏ ከፊት ተሰልፏል፤ ሁለት እጁም አለ።

ጸዳለ ሌባ ጣቷን ተመለከተች። ትናንት በየቀንዱ አፍ ሰድዳ የለካችው ባሩድ እስከ ሁለተኛው አንጓ ነበር። አምስት ተኩስ። ለሙከራ የወጣው ሲቀነስ አራት። ከዚያ በታች ያለው የምድጃዋ ከሰል ነው።

"አንቺ ምነው ዝም አልሽ?" አለቻት ፈንታነሽ። "እልል በይ እንጂ!"

አህያ ነጂው ቆሞ ያያታል። ጸዳለ ማሬን ከጀርባዋ አውርዳ ደረቷ ላይ አጣበቀቻት፤ እልልም አለች። ትንፋሿ እስኪያልቅ ድረስ እልል አለች። ስታቆም ከጉሮሮዋ የሚወጣው ምን እንደሆነ ታውቃለችና፣ ሰው ፊት እንዳይወጣባት እንደገና ትንፋሿን ሳበችና እንደገና እልል አለች።